«ይሄን አልሰጥህም» ያሉኝ የአሞራ ገደል ዓሣ ጠባሽ

ዓሣ ልበላ ገብቼ «ይሄን አልሰጥህም» ተባልኩ። ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል። ጀልባዎቹ ከሚጠጉበት ዳር ትንሽ ገባ ብሎ በሸራ የተከለለች መጥበሻ ቤት ናት፤ ስምም ታፔላም የላትም። እናትየዋ ፊት ባለው ትሪ ላይ አምስት ስድስት የተጠበሰ ዓሣ ተደርድሯል። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስቼ 275 ኪሎ ሜትር ያለ ቁርስ ስለመጣሁ ረሃቡ ጠንቶብኝ ነበርና «እናቴ፣ ከዚሁ ይስጡኝ» አልኳቸው። «አይ፣ ይሄን አልሰጥህም። የቅድም ነው፣ ቀዝቅዟል። አሁን የገባ አለ፣ አረፍ በል የኔ ልጅ» አሉኝ።

ብሩን እጄ ላይ ይዤ ነበር እኮ። ለመሸጥ የማይቸኩል ነጋዴ ካየሁ ቆይቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቦታ ነው ከፍሪጅ የወጣ ዓሣ ሁለቴ ተጠብሶ «ትኩስ ነው» ተብሎ የቀረበልኝ!

ልጃቸው ወደ ጀልባዎቹ ሮጦ ሁለት ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ይዞ መጣ፤ ጅራታቸው ገና ይንቀሳቀሳል። ቅርፊቱን ፋቀ፣ ሆዱን ቀደደ፣ የሆድ ዕቃውን ወዲያ ሲወረውረው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሻሙበት። እሳቸው ጎንና ጎኑን በቢላ ተለተሉት፣ ጨው ነሰነሱበት፣ የዘይቱን መጋል በሽንኩርት ቁራጭ ሞከሩና ለቀቁት። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ።

ዓሣው ሲመጣ ክንፉና ጅራቱ እንደ ቆሎ ይቆረጠማል። የተተለተለው ሥጋ በዘይቱ ተነስቶ ቆሟል፣ በጣት ነካ ሲያደርጉት ከአጥንቱ ይላቀቃል፣ ውስጡ ነጭና እርጥብ ነው። ጣቴን እያቃጠለኝ፣ እፍ እያልኩ፣ ሎሚ እየጨመቅኩ በላሁት። ከበርበሬ የሚሠራው ማባያ፣ ዳጣው ደግሞ አፍንጫ ድረስ ይወጣል፤ ዳቦዋን ለእሱ ብቻ ነው የተጠቀምኩባት። አርባ ምንጭ የጫሞን ነጭ ዓሣ በልቻለሁ፣ ሥጋው ብዙ ነው፣ እሾህም አያስቸግርም። ግን የዓሣ ጣዕም ያለው አጥንቱ ሥር ነውና ለኔ ቆሮሶ ይበልጣል።

ከዚያ ሒሳብ መጣ። 350 ብር። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ያንኑ የሚያህለውን በልቶ 250 ሲከፍል በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁን ስጠይቀው «የእርስዎ ትልቁ ነው» አለኝ። አልነበረም። እናትየዋ እሳቱ ላይ ስለነበሩ አልሰሙም፣ እኔም እሳቸውን ላለማሳዘን ዝም ብዬ ከፈልኩ። ግን ከፋኝ። እሳቸው ከገበያቸው ላይ ቀንሰው ያተረፉትን እምነት ልጁ በ100 ብር ሸጠው። የዚያኑ ዕለት ብጽፍ ኖሮ «አትሂዱ» ነበር የምለው።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ወደ ቤት ከመመለሴ በፊት እግሬ እዚያው ወሰደኝ። ዋጋውን አስቀድሜ ጠየቅኩ፣ 250 ተባልኩ፣ ያንኑ ከፈልኩ። ጥብሱ እንደ ትናንቱ ነው፣ ምንም አልጎደለውም። ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ የዕለቱ ዓሣ መዳፍ አይሞላም። «ትልቁ ጠፋ» አሉ እናትየዋ። የመረቡ ቀዳዳ ጠባብ ሲሆን ዓሣው አንድ ጊዜ እንኳ እንቁላል ሳይጥል ይወጣል። ሐይቁ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ጣና አይደለም። እኛ ትንሿን እየገዛን እስከበላን ድረስ ያ መረብ ከውኃው አይወጣም፣ እኔም ገዝቼ በልቻለሁ። ከእንግዲህ መዳፍ የማይሞላውን አልበላም፣ እናንተም ስትሄዱ ትልቁን ጠይቁ፣ ከሌለ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ለምትሄዱ፤ ጠዋት ድረሱ፣ ዋጋ ሳትስማሙ አትቀመጡ፣ ሲጠበስ እያያችሁ ብሉ። ሳሙናም ያዙ። እጅ የሚታጠቡት ከጀሪካን ነው፣ ሻሸመኔን አልፌ እንኳ ጣቴ ዳጣ ዳጣ ይሸት ነበር።