«ሰባት ከተማ በስምንት ቀን» የሚል ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ለመውጣት እየተዘጋጃችሁ ያላችሁ፣ እባካችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ አምስተርዳም፣ ፍራንክፈርት፣ ዙሪክ፣ ቬኒስ፣ ሮም። ሰባት ከተማ በስምንት ቀን!» ከሥሩ የኤፍል ታወርና የኮሎሲየም ፎቶ አለ። ዋጋው ለሰባት ከተማ ሲካፈል በጣም ርካሽ ይመስላል። «መቼ ደግሜ እሄዳለሁ፣ ሁሉንም አንዴ ልያቸው» የሚል ሰው ቶሎ እጁን ይሰጣል። የሚያናድደኝም ይኼ ነው። የሰውን ጉጉት አይተው ነው ፓኬጁን የሚያዘጋጁት።

እስቲ ቀኑን እንቁጠረው። የመጀመሪያው ቀን መድረሻ፣ የመጨረሻው መመለሻ ነው። የሚቀረው ስድስት ቀን ነው። በሰባት ከተማ መካከል ደግሞ ስድስት ጉዞ አለ። ስለዚህ በየቀኑ ማለዳ ሻንጣ ታስራላችሁ፣ ከሆቴል ትወጣላችሁ፣ መንገድ ትገባላችሁ፣ ማታ ሌላ ሆቴል ትደርሳላችሁ። ከፓሪስ ብራስልስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። እንዲህ ያሉ ፓኬጆች ግን በአብዛኛው የሚጓዙት በአውቶቡስ ነው። ከዙሪክ ቬኒስ በአውቶቡስ ለመድረስ የአልፕስን ተራሮች ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ ቀኑን መንገድ ይበላዋል።

ፕሮግራሙ ላይ «ፓኖራሚክ ጉብኝት» የሚል ካያችሁ ቆም በሉ። በአብዛኛው ከአውቶቡስ ሳትወርዱ በመስኮት ታያላችሁ ማለት ነው። የመግቢያ ትኬት በዋጋው ውስጥ መኖሩን በግልጽ ካልጻፉ፣ የለም ብላችሁ ያዙት።

የሚዘጉበትንም ቀን አትርሱ። ፓሪስ ያለው የሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው። የቫቲካን ሙዚየሞች ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ አይከፈቱም። ፍሎረንስ ያለው የኡፊዚ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ነው። አንድ ከተማ ውስጥ አራት ቀን ያለው ሰው ነገ እመለሳለሁ ይላል። ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው ግን በሩን አይቶ ይሄዳል።

ሆቴሉንም በካርታ ፈልጉት። «ቬኒስ» ተብሎ የተሸጠላችሁ አዳር ሜስትሬ ሊሆን ይችላል። ሜስትሬ ወደ ቬኒስ ደሴቶች ከሚያሻግረው ድልድይ ወዲህ በየብስ ላይ ያለ ሰፈር ነው፤ ቦዮቹን ለማየት ባቡር ወይም አውቶቡስ ይዛችሁ ትሻገራላችሁ። «ፓሪስ» የተባለው አውሮፕላን ማረፊያ ቦቬ ከሆነ፣ ከከተማው ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በመርከብ ጉዞ ፓኬጅ የሚሸጠው «ሮም» ደግሞ ቺቪታቬኪያ ወደብ ነው። ከዚያ እስከ ሮም ድረስ ከ70 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ይቀራችኋል።

ዋጋው ከሚገባው በላይ የወረደ ፓኬጅ ሌላም ጣጣ አለው። ጎብኚውን ኮሚሽን ወደሚከፍሉ ሱቆች እየወሰዱ ኪሳራቸውን የሚያካክሱ አስጎብኚዎች አሉ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ ያዋለችው የቱሪዝም ሕግ ይህን አሠራር ለይቶ ከልክሏል።

ቪዛ ለሚያስፈልገው ሰው ትልቁ አደጋ ግን የከተሞቹ ቅደም ተከተል ነው። እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ውስጥ፣ የለችም። ፓኬጁ ከፓሪስ ለንደን፣ ከለንደን ሮም የሚል ከሆነ ሁለት የተለያዩ ቪዛዎች ያስፈልጋሉ። በዚያ ላይ የሸንገኑ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ ወደ ለንደን ስትወጡ አለቀ። ሮም አትገቡም። የሸንገን ማመልከቻ የሚቀርበው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው። ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት አገር ነው። በየአገሩ አንድ አንድ ሌሊት የሚያሳድር ፕሮግራም ላይ ሻጩ የከተሞቹን ተራ ሲቀያይር፣ የምታመለክቱበት ኤምባሲም ሊቀየር ይችላል። የተከለከለ ሰው የቪዛ ክፍያው አይመለስለትም። ቀብዳችሁስ? ይህን ውሉ ላይ ፈልጉት። ካልተጻፈ አስጽፉት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለመጀመሪያ ጉዞ ሁለት ከተማ ይበቃል፤ ቢበዛ ሦስት። በባቡር የሚገናኙትን ምረጡ። ከሮም ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከፍሎረንስ ቬኒስ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ማድሪድና ባርሴሎና ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቶኪዮና ኪዮቶም ከዚያ ብዙ አይርቁም። የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ በአንዱ ከተማ ገብታችሁ በሌላው ውጡ። ወደ ኋላ የምትመለሱበት ቀን ይተርፋችኋል። ሰባት ከተማ ካላየሁ የቀረብኝ ይመስለኛል ለሚል ሰው፣ በአንድ ከተማ አራት ሌሊት አድሮ አንዱን ቀን ወደ አቅራቢያ ቦታ መሄድ ይቻላል። ከፓሪስ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ያልቃል።

ፓኬጅ የግድ ከሆነባችሁ የከተማውን ብዛት ተዉትና የሌሊቱን ብዛት ጠይቁ። የእያንዳንዱን ሆቴል ስምና አድራሻ፣ የመግቢያ ትኬቶቹን ዝርዝር፣ ቪዛ ከተከለከላችሁ የሚመለስላችሁን ገንዘብ በጽሑፍ ይስጧችሁ። በአውሮፓ ኅብረት አገር ካለ የጉዞ አዘጋጅ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ፣ ከገዛችሁ በኋላ ዋጋውን ከ8 በመቶ በላይ ከጨመረባችሁ ያለ ቅጣት መሰረዝ መብታችሁ ነው። «ሆቴሉን ስትደርሱ እንነግራችኋለን» ከተባላችሁ ግን ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።