አባቴን በጉንፋን ሰሞን እንቅልፍ ላስያዘችልኝ እህት

ሰላም የሲልቨር ስፕሪንግና የአካባቢው ወገኖች። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። አንዲት ባለሙያ እህታችንን ሳላመሰግን ባልፍ ቅር ይለኛል።

አባቴ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ስለሚቋረጥ ሲፓፕ የሚባል ማሽን ታዘዘለት። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ በአፍንጫው አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። መጀመሪያ ላይ ተስማምቶት ነበር። ብርዱ ገብቶ ጉንፋን ሲይዘው ግን ሁሉም ነገር ተበላሸ። አፍንጫው ተደፈነ፣ ማሽኑ መግፋቱን አላቆመም። የሳይነስ ሕመሙ ተነሳበት፣ ግንባሩን ወጥሮ ያዘው፣ አፉ እንጨት ሆኖ ያድራል። እኩለ ሌሊት ላይ ማስኩን አውልቆ ሲወረውረው ከክፍሌ እሰማለሁ። ከዚያ ማንኮራፋቱ ይጀምራል፣ ከዚያ ደግሞ ጸጥ ይላል። ያንን ጸጥታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ትንፋሹ እስኪመለስ የእኔም አብሮ ይቆማል።

ማሽኑን የሰጡን ሰዎች ጋ ደወልን። ስማቸውን አልጠራም። ሙዚቃ ሲያስደምጡን ቆይተው «ማሽኑ ምንም አልሆነም» አሉን። እሺ፣ ማሽኑ ደህና ነው። አባቴስ? ሌላ ቦታ ሄድን። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «የአፍንጫ መክፈቻ ስፕሬይ ግዙለት» ብሎ ሸኘን። እስከ መቼ እንደሚረጭ የነገረን የለም። በዚያ ላይ ሜዲኬር፣ ማለትም የአዛውንቶች የመንግሥት የጤና መድን፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ማሽኑን በሌሊት ቢያንስ 4 ሰዓት፣ በተከታታይ 30 ቀን ውስጥ 70 በመቶ በሚሆኑት ሌሊቶች መጠቀም አለበት ይላል። አለበለዚያ ክፍያው ይቋረጣል። ማስጠንቀቂያው በደብዳቤ ደረሰን። አፍንጫው የተደፈነን ሽማግሌ በደብዳቤ ማስፈራራት ምን ይሉታል?

በመጨረሻ አንዲት የቤተክርስቲያን እናት ስለዚህች የመተንፈሻ ቴራፒስት ነገሩኝ። የእኛው ልጅ ናት። ስንሄድ ማሽኑን ዞር ብላም አላየችው። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና «አባባ፣ ሌሊቱን እንዴት ያድራሉ? እስቲ ይንገሩኝ» አለችው። ሐኪም ፊት በእንግሊዝኛ «ጉድ፣ ጉድ» (ደህና ነኝ) ብሎ የሚወጣ ሰው ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘረገፈላት። እኔ እንኳ ያልሰማሁት ነበረበት። ከዚያ «አፍንጫዎ ላይ የሚረጩት ነገር አለ?» አለችው። ከኪሱ ያቺን ጠርሙስ አወጣ። «አባባ፣ ይቺ ከ3 ቀን በላይ ከተረጨች መልሳ አፍንጫ ትደፍናለች። የደም ግፊትም ካለብዎት ሐኪምዎ ሊያውቅ ይገባል» አለችውና እዚያው ቁጭ ብላ ሐኪሙ ቢሮ ደወለች። ያ ሁሉ ሰው ሲያየው ይቺን አንዲት ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም!

ከዚያ አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍን ማስክ አመጣች። አባቴ ሲያየው ደነገጠ። መጀመሪያ አንዱን ራሷ ፊቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች፣ ሳቀ፣ ከዚያ እሱም እሺ አለ። ማሽኑ ላይ ምን እንደነካካች አትጠይቁኝ። ሙቀቱንና እርጥበቱን ከፍ አደረገችው መሰለኝ። ከመተኛቱ በፊት አፍንጫውን በጨው ውሃ እንዲያጥብ አሳየችው፤ ውሃው ከቧንቧ በቀጥታ ሳይሆን ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ እንዲሆን አስጠነቀቀችን። ጉንፋኑ እስኪለቀው ማስኩ በየቀኑ ይታጠብ አለች።

አባቴ ደግሞ አባቴ ነው። «ልጄ፣ ማሽኑ ውሃ ውስጥ ትንሽ የባህር ዛፍ ዘይት ጠብ ባደርግበትስ?» አላት። እኔ በሀፍረት መሬት ብትውጠኝ ተመኘሁ። እሷ ግን ሳቀች፣ አላሳፈረችውም። «ባህር ዛፉን ከፈለጉ ፊትዎን ሳያቃጥልዎት ራቅ ብለው ይታጠኑት። ማሽኑ ውስጥ ግን ዲስቲልድ ውሃ ብቻ። ዘይቱ ሳንባዎን ይጎዳል» አለችው። እኔ ብለው ኖሮ ይከራከረኝ ነበር። እሷን በአንዴ ሰማት።

ጉንፋኑ በጊዜው ሄደ፤ ሳይሄድም በፊት ማስኩን ሳያወልቅ ማደር ጀምሮ ነበር። እኔም ተኛሁ።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅሽ ይባረክ። ሲፓፕ ያስመረራቸው ወላጆች ያሏችሁ፣ በተለይ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው፣ እባካችሁ ወደ እሷ ውሰዷቸው። ሳልጠይቃት ስሟንና ስልኳን አደባባይ ላይ አላወጣም፤ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ማሽኑን፣ ማስኩንና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ኪስ ውስጥ ያለውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። ትጠይቃችኋለች።