«አልሸጥልሽም» ላሉኝ ሰው

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከወራት በፊት ነው። ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። ዓሣ ያለው ሰው ያውቀዋል። ማታ «ደህና ናቸው» ብላችሁ ትተኛላችሁ፤ ጠዋት አንዱ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ልየው አልኩ። ይኸው ሰባት ወር ሞላ። ገንዳው ውስጥ የገቡት ሃያዎቹም አሉ። አሁን አፌን ሞልቼ ማመስገን እችላለሁ።

የማመሰግናቸው ሰው የአኳሪየም ባለሙያ ናቸው። ቤት ድረስ መጥተው ገንዳ ያያሉ፣ ውሃ ይለካሉ፣ ዓሣ መርጠው ያመጣሉ። ራሳቸው ያረቧቸውንም ይሸጣሉ። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላሉኝ አልጽፍም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ልጄ ዓሣ ፈለገች፤ ገንዳ ገዛሁ። ርዝመቱ 80 ሴንቲ፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40፤ ወደ 112 ሊትር ይይዛል። ጠዋት ውሃ ሞላሁበት። ከሰዓት በኋላ ዓሣ ገዝቼ ተመለስኩ። የመረጥነው በቀለም ነው። አራት ጉፒ፣ ስድስት ኒዮን ቴትራ፣ ሁለት ትልልቅ አንጀልፊሽ፣ ሦስት ታይገር ባርብ፣ አንድ ጎልድፊሽ። ሻጩ በመጨረሻ «መስታወት የሚያጸዳ» ብሎ አንድ ትንሽ ፕሌኮ ጨመረልኝ።

«ሁሉም አብረው ይኖራሉ ወይ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ችግር የለውም፣ ሁሉም ጨው በሌለው ውሃ የሚኖሩ ናቸው» አለኝ። አመንኩት። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። በግና ጅብም እኮ ሁለቱም የየብስ እንስሳ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ውሃው ነጣ። የጉፒዎቹ ጅራት እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተለተለ። ኒዮኖቹ ደግሞ አይሞቱም፣ ይጠፋሉ። ስድስት የነበሩት አራት ሆኑ፣ ከዚያ ሁለት። ሬሳ የለም። ልጄ ከድንጋዩ ሥር ተደብቀው ይሆናል ብላ ትፈልጋለች፤ እኔም አብሬ እፈልጋለሁ። በዚህ መሃል ፊልተሩ ቆሽሿል ብዬ ስፖንጁን አውጥቼ በቧንቧ ውሃ ፈትጌ አጠብኩት። የረዳሁ መስሎኝ ነው።

በሥራ ባልደረባዬ በኩል ጋሼን አገኘኋቸው። ሲመጡ ገንዳውን ይነካካሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም ሳይናገሩ አዩ። እኔ ትንሽ ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ማን ማንን እንደሚያሳድድ፣ ማን የትኛው ከፍታ ላይ እንደሚዋኝ፣ ማን ጥግ ይዞ እንደቀረ እያዩ ነበር።

ከዚያ ውሃ ቀዱና ለኩ። አሞኒያ አለ። ናይትራይትም አለ። «ሁለቱም ዜሮ መሆን ነበረባቸው፣ ልጄ» አሉኝ። ዓሣ ከስንጥቡና ከእዳሪው አሞኒያ ይለቃል፤ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም ያው አሞኒያ ይወጣዋል። ፊልተሩ ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ በጣም ወደሚቀንስ ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉትም። እስኪበቅሉ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኔ ደግሞ የበቀሉትን ጥቂቶች በክሎሪን ውሃ አጥቤ ጨርሻቸዋለሁ። «ስፖንጅ የሚታጠበው ከራሱ ገንዳ በተቀዳ ውሃ ነው» አሉ። ሳይቆጡ ነው ያሉት፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ዓሦቹ ስንመጣ እያንዳንዱን በጣታቸው እያሳዩ ነገሩኝ። ይሄን ክፍል ሳላሳጥር የምጽፈው ብዙ ሰው የኔን ስህተት እየደገመ ስለሆነ ነው።

ኒዮኖቹን የበላቸው አንጀልፊሽ ነው። እንዴት ያማረ ዓሣ ነው ብዬ ተከራከርኩ። «ቁንጅናውን ተይውና አፉን እዪ» አሉኝ። አንጀልፊሽ ቆሮሶ ከሚመደብበት ቤተሰብ ነው፣ ሲክሊድ ይባላሉ። ትንንሽ ዓሣ አድኖ መብላት ተፈጥሮው ነው። ኒዮን ሲያድግ ከሦስት ሴንቲ ብዙም አይበልጥም፣ ቀጭን ነው። ጋሼ አንድ ቀላል መመሪያ አላቸው፤ አንዱ ዓሣ የሌላው አፍ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አንድ ቀን መግባቱ አይቀርም። ዛሬ ባይገባ ሲያድግ ይገባል።

የጉፒዎቹን ጅራት የቆራረጡት ታይገር ባርቦች ናቸው። ታይገር ባርብ በባሕርዩ ይነክሳል። ስምንትና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲኖር ንክሻው በአብዛኛው እርስ በርስ ይሆናል፤ ሦስት ብቻ ሲሆን ግን ጎረቤት ይፈልጋል። ጎረቤቱ ደግሞ ረጅም ጅራት እየጎተተ ቀስ ብሎ የሚዋኝ ጉፒ ነው። እሳትና ጭድ ማለት ይሄ ነው።

ጎልድፊሹ ማንንም አልነካም። የእሱ ችግር ሌላ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል፤ ሌሎቹ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲፈልጉ ለእሱ 20 አካባቢ ይሻለዋል። ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፣ በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። መጠኑም እንዳየነው አይቀርም።

ፕሌኮው ጋ ሲደርሱ ምንም አላሉም። ክንዳቸውን ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ዘርግተው አሳዩኝ። ጣት የምታክለው ዓሣዬ ከ30 ሴንቲ በላይ ታድጋለች ማለት ነው። ገንዳዬ ወርዱ 35 ነው። መዞሪያ እንኳ አይኖራትም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳቸው። የመጣላቸውን ሽያጭ ሲገፉ ያየሁት ያኔ ነው። በማግስቱ ስድስት ኒዮን፣ አንድ ቤታ፣ ሁለት ጎራሚ እንዲያመጡልኝ ጠየቅኳቸው። «አልሸጥልሽም» አሉኝ። «ገንዳሽ ሳይደርስ አንድም ዓሣ አልሸጥልሽም።»

የነበሩትን ሁሉንም ወሰዱ። ታይገር ባርቦቹ አሥራ ሁለት ወዳሉበት ትልቅ ገንዳ ሄዱ። አንጀልፊሾቹ ቁመቱ ረጅም ወደሆነ ገንዳ፣ ፕሌኮዋና ጎልድፊሹም ወደሚበቃቸው ቦታ ሄዱ። የተረፉትን ሁለት ኒዮኖች ብዙ ኒዮን ላለው ሰው ሰጡልኝ። እኔ ጋ ባዶ ገንዳ ቀረ። አምስት ሳምንት! ለባክቴሪያዎቹ ምግብ እንዲሆን በየጊዜው ጥቂት አሞኒያ እየጨመርኩ ውሃ እለካለሁ፤ ልጄ ገንዳው ፊት ቁጭ ብላ «እማ፣ ዛሬም ውሃ ነው የምናየው?» ትላለች። ጋሼን ጠዋት ጠዋት በስልክ ሳስቸግራቸው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ይዘጉታል። የጨመርኩት አሞኒያ በአንድ ቀን ውስጥ ጠፍቶ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ነው ምርጫው የተጀመረው።

እና ምርጫው የተጀመረው ከዓሣ ሳይሆን ከውሃ ነው። የቧንቧ ውሃችን ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው) 7.6 ወጣ፣ ጥንካሬው ማለትም የሟሟበት ማዕድን መጠን ደግሞ መካከለኛ ነው። «ለዓሣው ብለሽ ውሃ ከምትለውጪ ለውሃሽ የሚሆን ዓሣ ምረጪ» አሉ። ኬሚካል እየጨመሩ ፒኤች ማውረድ ይቻላል፣ ግን ውሃ በተቀየረ ቁጥር ይዋዥቃል፤ ዓሣውን የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። ኒዮን መነሻው አማዞን ነው፣ ለስላሳና አሲዳማ ውሃ ይወዳል። ጉፒ ተቃራኒውን፣ ጠንከር ያለውን። ብዙ ሰው ሁለቱን አብሮ ያኖራል፤ ገንዳ ውስጥ የተረባ ኒዮንም ይለምዳል። ጋሼ ግን ለጀማሪ ለአንዱ ወገን አድሉ ይላሉ። ልቤ ኒዮን ላይ ቢሆንም ለጉፒ አደላሁ።

ቤታውም ቀረ። ልጄ አልቅሳ ነበር፤ ጋሼ ቁጭ ብለው ለሷ ነው ያስረዷት፣ ለኔ አይደለም። ወንድ ቤታ ሌላ ወንድ ቤታ ሲያይ ይጣላል። ሰፊና ባለቀለም ጅራት ያለው ጉፒም ባላንጣ ሊመስለው ይችላል። «አንቺን የሚመስል ሰው ቤትሽ ገብቶ አልጋሽ ላይ ቢተኛ አትናደጂም?» አሏት። ገባት።

በመጨረሻ ያመጡልን እነዚህን ነው። ለመሃል ስምንት ቼሪ ባርብ። ስሙ ባርብ ነው፣ ጠባዩ ግን የታይገር ባርብ አይደለም፤ ከስሪላንካ የመጣ ዓይን አፋር ዓሣ ነው፣ ወንዱ ሲረጋጋ እንደ ቼሪ ይቀላል። ለታች ስድስት ብሮንዝ ኮሪዶራስ፤ ትንንሽ የአምባዛ ዘመዶች፣ ጢማቸው እንዳይቆስል ጠጠሩን አውጥተን ደቃቅ አሸዋ አደረግንላቸው። ለላይ ጉፒ፣ ወንድ ወንዱን ብቻ። ሴት ከገባች በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፣ እንደውም ከወንድ ከተለየች በኋላ ለወራት መውለድ ትችላለች። መስታወት ለሚያጸዳ ደግሞ ብሪስትልኖዝ የሚባል ትንሹን ፕሌኮ፤ ከ12 ሴንቲ ብዙም አያልፍም። ሁሉም 24 ወይም 25 ዲግሪ ላይ ይስማማሉ። ላይ፣ መሃልና ታች ስለተከፋፈሉ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሻማም።

ሁሉንም በአንድ ቀን አላስገቡም። መጀመሪያ ባርቦቹ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሪዎቹ፣ ከዚያ ፕሌኮው። ጉፒዎቹ የመጡት ከሌላ አርቢ ስለነበር በትንሽ ሳጥን ለብቻቸው ሦስት ሳምንት ቆዩ። እኔ ይሄ ማጋነን ነው ብዬ ነበር። በአምስተኛው ቀን አንዱ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ኢክ የሚባለው ተላላፊ በሽታ ነው። እሱ ሞተ፣ አምስቱ ታክመው ዳኑ፤ ትልቁ ገንዳ ግን አልተነካም። ሃያ ያልኩት ለዚህ ነው።

ምስጋና ስለሆነ ሁሉንም ላሳምር አልፈልግም። ጋሼ ቀጠሮ ላይ ይዘገያሉ። አንዴ ሁለት ሰዓት አስጠብቀውኛል። ወሬም ይወዳሉ፤ ስለ አንድ የእጽዋት ሥር ግማሽ ሰዓት ሊያወሩ ይችላሉ። ተሳስተውም ያውቃሉ። አምስቱ ጉፒዎች እንደገቡ አንዱ ሌሎቹን ዕረፍት ነሳቸው። ደወልኩላቸው። በማግስቱ መጥተው ጥቂት አዩና «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ገንዳውን ገላጣ አድርጌ ተውኩት» አሉ። እንጨቱን አዙረው፣ እጽዋት ጨምረው እይታውን ከፋፈሉት፤ ተሳዳጁ መጠለያ አገኘ። ለዚያ ቀን ክፍያ አልተቀበሉኝም። ለኔ ከሁሉም የበለጠው ይሄ ነው። ስንቱ ባለሙያ ነው «አጠፋሁ» የሚለው?

ደግሞ ከሄዱ በኋላም አይረሱም። ኮሪዎቹ ድንገት ወደ ላይ ተወርውረው አየር ጎርሰው ሲመለሱ ታፍነው መስሎኝ በድንጋጤ ደወልኩ። ሳቁብኝ። አንጀታቸው ከአየር ኦክስጅን መውሰድ ይችላል፣ አልፎ አልፎ ከሆነ ጤነኛ ጠባይ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ካደረጉት ግን ውሃውን ለኪ አሉኝ። ለካሁ፣ ዜሮ ነበር። አሁን በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ እቀይራለሁ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ጨምሬ። ሌላ ብዙ ሥራ የለብኝም።

ልጄ ለሁሉም ስም አውጥታለች። ስምንቱን ባርቦች እንዴት እንደምትለያቸው እኔ አላውቅም።

የጋሼን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ሩቅ ያላችሁ ደግሞ በአካባቢያችሁ የምታገኙትን ሻጭ እዩት። ገንዳህ ስንት ሊትር ነው፣ ውሃ ከሞላህ ስንት ጊዜ ሆነው፣ አሁን ውስጡ ምን አለ ብሎ ሳይጠይቅ መረቡን የሚያነሳ ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጋሼ ጋ የምትደውሉ ግን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታውን በሴንቲሜትር ለክታችሁ ያዙ። ካልለካችሁ «ለክታችሁ ደውሉ» ብለው ይዘጉታል፤ እንዳትቀየሟቸው፣ ለኔም አድርገውታል።