የተፈረመ መጽሐፍ ወይስ የድሮ ደብዳቤ? ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «አምስት ሺህ ብር አለኝ። የድሮ ደብዳቤ ልግዛ ወይስ ደራሲው የፈረመበት አንደኛ እትም?» አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አንዷ የእህቴ ጓደኛ ናት። ሦስተኛው እዚሁ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ቡና እየጠጣን ያነሳብኝ ልጅ ነው። ስልኩ ላይ የአንድ «የመኳንንት ደብዳቤ» ፎቶ ነበረው። ሻጩ ቀብድ እየጠበቀው ነበር።

መልሴን ሳላንዛዛ ልናገር፤ መጽሐፉን ግዙ።

ደብዳቤ ጠልቼ አይደለም። ቤቴ ውስጥ ዐሥራ አንድ ደብዳቤዎች አሉኝ፤ ሁሉንም እሳሳላቸዋለሁ። ግን ገበያው ውስጥ የሚዞረውን ካየሁ በኋላ ጀማሪን «ደብዳቤ ግዛ» ለማለት አፌ አይደፍርም።

ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ነጋዴ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አሳየኝ። የአንድ ራስ ነው አለኝ። 25,000 ብር ጠራ። «ወንድሜ፣ ለአንተ ስለሆነ ነው እንጂ ፈረንጅ ቢያገኘው በዶላር ነው የሚወስደው» አለኝ። ሁለት ቅዳሜ ተመላልሼ 14,000 ላይ ተስማማን። ያኔ ከሁለት ወር ደመወዜ ይበልጥ ነበር። ወረቀቱ ቡናማ ነው። ጠርዙ ተበልቷል። እጥፋቱ ሊበጠስ የደረሰ ይመስላል። ማኅተሙ ከላይ ነው፣ «ይድረስ ከ» ብሎ ይጀምራል፣ ዓመቱ 1903 ይላል። ሌላ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ከፈልኩ።

አዳማ ይዤው ገባሁ። በማግስቱ ሰፈሬ ያለ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ የብር ኖት የሚያይባት ትንሽ ሐምራዊ መብራት አለችው። ደብዳቤውን ከሥሯ አደረግኩት። ወረቀቱ በኦሞ እንደታጠበ ነጭ ሸሚዝ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። ልቤ ያኔውኑ ወረደ። የድሮ ወረቀት እንዲህ አይበራም። ይህን ብርሃን የሚሰጠው የወረቀት ማንጫ ኬሚካል ፋብሪካዎች ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. ከ1950 ገደማ ወዲህ ነው። 1903 ዓ.ም. የተጻፈ ደብዳቤ ከየት አመጣው?

አጉሊ መነጽር ይዤ ማኅተሙን አየሁት። በዓይን ሲታይ ሐምራዊ ነው። ሲጎላ ግን የሮዝ፣ የቢጫና የሰማያዊ ነጠብጣብ ክምችት ሆነ። በፕሪንተር የታተመ ነው ማለት ነው። የእውነት ማኅተም ቀለሙ አንድ ወጥ ነው፤ የእጅ ግፊት ስላለበት ባንድ በኩል ይወፍራል፣ በሌላ በኩል ይሳሳል፣ ወደ ወረቀቱ ጭረት ውስጥም ይሰርጋል። ቡናማነቱም የሻይ ነበር። እጥፋቱ ውስጥ ቀለሙ ተጠራቅሞ ጠቁሮ ይታያል። ለነጋዴው ደወልኩ፤ አላነሳም። ብሬም አልተመለሰም።

በዚህ የተታለልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሽተርን የተባለው የጀርመን መጽሔት የሂትለርን ማስታወሻ ደብተሮች አገኘሁ ብሎ ወደ 9.3 ሚሊዮን ማርክ ከፈለ። ኋላ ሲመረመር ወረቀቱ ውስጥ ይኸው ማንጫ ተገኘ። እኔ በሱቅ መብራት ያየሁትን እነሱ በቤተ ሙከራ አዩት። ልዩነቱ እነሱ ያዩት በዓለም ፊት መሆኑ ነው።

ሐምራዊ መብራቷን ዛሬ በ350 ብር ታገኟታላችሁ። ከማንኛውም ግዢ በፊት እሷን ግዙ። አንድ ነገር ግን አትርሱ። ያልበራ ወረቀት ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ከድሮ መዝገብ ላይ ያልተጻፈበት ገጽ ገንጥሎ የሚጽፍም አለ። ለዚያ ደግሞ ቀለሙን እዩ። ያረጀ ወረቀት የፈሳሽ ቀለም መያዝ ስለሚያቅተው አዲስ ጽሑፍ ሲያርፍበት ዳር ዳሩ እንደ ሥር ይበተናል። እስክሪብቶ ከሆነማ ነገሩ ያለቀ ነው። ባለኳስ እስክሪብቶ በዓለም ገበያ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ሌላም አለ። የኛ ነገሥታትና መኳንንት የድሮ ደብዳቤ እንደ ፈረንጅ ከታች በፊርማ አይታወቅም። ጽሑፉ የጸሐፊው እጅ ነው። ባለቤቱን የሚያሳውቀው ከላይ የሚያርፈው ማኅተም ነው። ስለዚህ «የዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ፊርማ ያለበት» ብሎ የሚጀምር ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ሒሳባችሁን ከፍላችሁ ተነሱ። በፊርማቸው የምናውቃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ቃላቱ መካከል ያለውንም እዩ። የዚያ ዘመን ጸሐፊ ቃልን ከቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ ነው። የኔው ደብዳቤ ላይ ግን በየቃሉ መካከል እንደ ዛሬ ባዶ ቦታ ነበር። ይህን ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ዋጋ ልምጣ። ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ነው። የምጽፈው እኔ የከፈልኩትንና የተጠየቅኩትን ነው።

ተራ የቤተሰብ ደብዳቤ ከነፖስታው ከ200 እስከ 600 ብር ገዝቻለሁ። ቴምብሩ ላይ «ናዝሬት» የሚል የፖስታ ቤት ማኅተም ካለ እኔ 100 ብር እጨምራለሁ፤ የከተማችን የቀድሞ ስም ስለሆነ ይናፍቀኛል። ቴምብሩ ተገንጥሎ የተወሰደበት ከሆነ ግን የዋጋውን ግማሽ እንኳ አልከፍልም፤ ከቴምብሩ ጋር ቀኑም ቦታውም ሄዷል። የመኳንንት ማኅተም ያለው ሲሆን ጥያቄው ከ15,000 ይጀምራል፣ 40,000ም ሰምቻለሁ። በዚህ መካከል ምንም የለም ማለት ይቻላል። አምስት ሺህ ብር ይዞ የመጣ ሰው ወይ ተራ ደብዳቤ ያገኛል፣ ወይ ሐሰተኛ ያገኛል።

መጽሐፍ ላይ ግን አምስት ሺህ ብር ገንዘብ ነው። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ የአማርኛ አንደኛ እትም ያለ ፊርማ ከ600 እስከ 2,500 ከፍዬ ገዝቻለሁ። ፊርማ ሲኖረው ከ2,000 እስከ 6,000። ከአዳማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ከነምሳው 700 ብር ያህል ጨምሩ። አንድ መጽሐፍ ብቻ ለመግዛት አትሂዱ፤ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት አባቶች የመጀመሪያውን ዋጋ የሚጠሩት ፊታችሁን አይተው ነው። መጽሐፉን እንዳያችሁ አትሳቁለት። አስቀምጡት፣ ሌላ አንሱ፣ ሌላውን ጠይቁ፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄስ?» በሉ። እኔ እንዲህ አድርጌ ከ4,500 ወደ 2,800 አስወርጃለሁ።

ዋጋው ብቻ ግን አይደለም። ደብዳቤ ብቻውን የቆመ ወረቀት ነው። የምታመሳክሩበት ወንድም የለውም። መጽሐፍ ወንድሞች አሉት። ማተሚያ ቤቱ፣ ዓመቱ፣ የገጹ ብዛት፣ የጀርባው ዋጋ፣ ሁሉም ከሌላ ቅጂ ጋር ጎን ለጎን ይታያል። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሄዳችሁ ያንኑ መጽሐፍ አስወጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። መጽሐፍ ውስጥ መጠራጠር ያለባችሁ አንዲት ገጽ ናት፣ ፊርማዋ ያለባት።

መጽሐፍም ግን አይታለልበትም አላልኩም። በጣም የሚፈለገውን ልጥቀስ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ሰው ፎቶ ኮፒ እያደረገ በድብቅ አነበበው። ያ ፎቶ ኮፒ ዛሬ ጥሩ ተደርጎ ተጠርዞ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ ይቀርብላችኋል። መለየት ቀላል ነው። ገጹን ዓይናችሁ ላይ ዘንበል አድርጋችሁ በመብራት እዩት። የፎቶ ኮፒ ፊደል ከወረቀቱ በላይ ተቀምጦ ያብለጨልጫል፤ በጣት ሲዳሰስም ይታወቃል። የማተሚያ ቤት ቀለም ወረቀቱ ውስጥ የገባ ነው፣ አያብለጨልጭም። ፊርማ አለው ከተባላችሁ ደግሞ ቀኑን እዩ። ደራሲው የጠፋው የካቲት 1976 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ ቀን የተጻፈበትን ፊርማ ለመመርመር መነጽርም መብራትም አያስፈልግም።

ሌላው ማታለያ «አንደኛ እትም» የሚለው ጽሑፍ ነው። ድጋሚ ሲታተም የድሮውን ገጽ እንዳለ የሚያትሙ አሉ። ስለዚህ ከፊት ገጹ ይልቅ የጀርባውን ዋጋ አምናለሁ። በ1960ዎቹ መጽሐፍ የሚሸጠው በጥቂት ብር ነበር። «የ1962 አንደኛ እትም» ተብሎ ጀርባው ላይ 45 ብር ካለ፣ አንደኛ አይደለም። ዋጋው ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ከሆነም ወደ ብርሃን አንሱት።

አሁን ብዙ ሰው ከእኔ ጋር የማይስማማበትን ልናገር። ፈረንጆች ፊርማ ብቻ ያለበትን መጽሐፍ ይመርጣሉ። ለማይታወቅ ሰው «ለእገሌ» ተብሎ የተጻፈበትን ያረክሱታል። ለኛ ገበያ ይህ አይሠራም። እኔ ሁልጊዜ «ለእገሌ» ያለበትን እገዛለሁ። ፊርማ አንድ ጭረት ነው፤ መቶ ጊዜ ተለማምዶ መጣል ይቻላል። ሦስት መስመር የእጅ ጽሑፍ ግን በቀላሉ አይለመድም። የ«ለ» እግር፣ የ«ም» ቀለበት፣ የቀኑ አጻጻፍ፣ አንዱ ያጋልጣል።

ያቺ በ2,800 የገዛኋት የግጥም መጽሐፍ እንዲህ ናት። ደራሲው ለአንድ አስተማሪ በሰማያዊ የብዕር ቀለም አራት መስመር ጽፈውላቸዋል። ቀለሙ ሳይደርቅ መጽሐፉን ዘግተውታል። ስለዚህ በትይዩው ገጽ ላይ ያው ጽሑፍ ተገልብጦ፣ ደብዝዞ ወጥቷል። ከታች ጥግ ላይ አስተማሪው በእርሳስ «ደረሰኝ» ብለው ቀን ጽፈዋል። ይህን ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ ያስመስላል? ገጿን በገለጥኩ ቁጥር ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ የደረስኩ ይመስለኛል።

ጥገና። እባካችሁ እዚህ ላይ ስሙኝ። የመጀመሪያ ግዢዬ ጀርባው የላላ አንደኛ እትም ነበር፤ 1,500 ብር። ይበርታልኝ ብዬ 150 ብር ከፍዬ ለጠራዥ ሰጠሁት። ስቀበለው የፊት ሽፋኑ የለም። «አርጅቶ ነበር፣ ጣልኩት» አለኝ። ሦስቱንም ጠርዝ በማሽን ከርክሞታል፤ የፊርማው ጭራ አብሮ ተቆርጧል። ዛሬ 400 ብር የሚሰጠኝ የለም። ጠራዡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀው የተማሪ መጽሐፍ መጠረዝ ነው። የላላ መጽሐፍ ከነላሉ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ዋጋው ከዚያ በላይ አይወርድም።

ስኮች አትለጥፉ። ሙጫው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ አይወጣም። ደብዳቤን ላሚኔት ማድረግ ደግሞ መግደል ነው። አንዲት እናት የባለቤታቸውን የዘመቻ ደብዳቤ ላሚኔት አስደርገው አሳይተውኛል፤ ልናገራቸው አልቻልኩም። በባለሙያ እጅ የሚደረገው ጥገና ከስንዴ ስታርች በተሠራ ማጣበቂያና በስስ የጃፓን ወረቀት ነው፤ በውኃ መልሶ የሚላቀቅ በመሆኑ ነው የሚመረጠው። ለስላሳው የፕላስቲክ ኪስም ቀለም እየላጠ ይወስዳልና ይቅርባችሁ። የአዳማ ፀሐይና አቧራ የታወቀ ነው። መስኮት ትይዩ መደርደሪያ አታድርጉ። ፊርማ ከሕትመት ቀድሞ ይለቃል።

ደብዳቤ ላይ ከፖሊስ ጋር የሚያገናኝም ጉዳይ አለ። የመሥሪያ ቤት የገቢ ደብዳቤ ማኅተምና የመዝገብ ቁጥር ያለበት ደብዳቤ በምንም ዋጋ አትግዙ፣ በስጦታም አትቀበሉ። ከአንድ መዝገብ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም ክልክል ነው። «አሜሪካ ላለው ወንድሜ እልካለሁ» የሚሉ ይህን ይወቁ።

አሜሪካ ካነሳን፣ ዘመድ ልኮልኝ የፈረንጅ የተፈረመ መጽሐፍ ልሰብስብ የሚሉም አሉ። በአጭሩ፣ ከመብት ገጹ ሥር ያለው የቁጥር ረድፍ ውስጥ 1 መኖሩን ብዙ ጊዜ ማየት ያስፈልጋል (የመጀመሪያ ሕትመት ምልክት ነው)፤ ሽፋኑን የሚያለብሰው የልባስ ወረቀት ከጠፋ አብዛኛው ዋጋ ጠፍቷል፤ የታዋቂ ሰው ፊርማም በማሽን የተፈረመ ሊሆን ይችላል። አብሮ የሚመጣው «የምስክር ወረቀት» ማንም የሚያትመው ነው። በዶላር ከፍሎ ለመማር ውድ ትምህርት ቤት ነው።

አምስት ሺህ ብር ላለው ለዚያ ልጅ የነገርኩት እንዲህ ነው። 350 ለመብራቷ። 3,000 «ለእገሌ» ለተጻፈበት አንድ የድሮ አንደኛ እትም። በቀረው የመጽሐፍ ምረቃ ሲኖር እየሄደ፣ 400 እና 500 ብር በሽፋን ዋጋ እየገዛ፣ ደራሲውን ፊት ለፊት ስሙንና ቀኑን ጭምር ያጽፍ። እሱ ዓይኑ እያየ የተጻፈን ማንም ሐሰት ነው አይለውም። ደብዳቤ ከናፈቀው የአያቶቹን ሳጥን ይጠይቅ፣ በነፃ ነው።

ቀብዱን አልከፈለም። የደብዳቤውን ፎቶ አጉልተን ስናየው ከማኅተሙ ሥር በእስክሪብቶ የተጣለ ፊርማ ነበር።

መብራቷን አሁን እኔም ገዝቻለሁ። አዳማ ያላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አምጡና አብረን እንይ። ሻጩ «አላስይዝም» ካለ ግን ያው መልስ ሰጥቷችኋል።