በሙዚቃ ፌስቲቫል «በነጻ» ለማገልገል ማስያዣ ለምትከፍሉ፦ የስረዛውን አንቀጽ ሳታነቡ ካርድ አታውጡ

በእንግሊዝ የሰመር ፌስቲቫሎች የበጎ ፈቃደኛ ምዝገባ ብዙ ጊዜ ገና ብርዱ ሳይወጣ ይከፈታል። ማስታወቂያው ያማልላል፦ ትኬት ሳትገዙ ትገባላችሁ፣ በር ላይ ወይም ድንኳን በተተከለበት ሜዳ ጥቂት ፈረቃ ቆማችሁ ሰው ታስተናብራላችሁ፣ የቀረው ሰዓት የሙዚቃ ነው። ከእናንተ የሚፈለገው ማስያዣ ብቻ ነው፤ እሱም ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ፈረቃውን የጨረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን ያገኛል። ጣጣው የሚመጣው ሐሳቡን በቀየረ፣ በታመመ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ በተከለከለ ወይም ባቡር ባመለጠው ሰው ላይ ነው። ያን ጊዜ ማስያዣ የተባለው አስቀድሞ የተቆረጠ ቅጣት ሆኖ ይገኛል።

ማስያዣው ብዙ ጊዜ ከትኬቱ ዋጋ ጋር ይጠጋጋል። ሰው ገብቶ ሥራውን ጥሎ እንዳይጠፋ ነው፤ ይህ በራሱ ተገቢ ነው። የግላስተንበሪ ፌስቲቫል ትኬት በ2025 373.50 ፓውንድ ነበር፣ 5 ፓውንድ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበት። በምላሹ የምትሰጡት ጉልበትም ቀላል አይደለም። ኦክስፋም የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚያሰማራቸው የፌስቲቫል አስተናባሪዎች ሦስት ፈረቃ ይሠራሉ፣ አንዱ ፈረቃ 8 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፤ ሲደመር ለ25 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ማለት ነው። አንዱ የሌሊት እንደሚሆን ጠብቁ። የጓጓችሁለት ዘፋኝ መድረክ ሲወጣ እናንተ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከማስያዣው ጎን «የአስተዳደር ክፍያ» የምትባል ትንሽ ገንዘብም አለች፤ እሷ አብዛኛውን ጊዜ ስለማትመለስ ከመጀመሪያው እንደ ወጪ ቁጠሯት።

የስረዛው አንቀጽ በተለምዶ ሦስት እርከን አለው። እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ከሰረዛችሁ ከአስተዳደር ክፍያው በቀር ሁሉም ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚመለሰው የሚተካችሁ ሰው ከተገኘ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ምንም የለም። ደህናው ውል ከመጥፎው የሚለየው በመካከለኛው እርከን ነው። ደህናው «ቦታው ከተሞላ እንመልሳለን» ብሎ ቀኑን ይጽፋል፤ መጥፎው «እኛ ተገቢ ሆኖ ካገኘነው» ይላል፣ ያ ማለት ቦታችሁን በማግስቱ ለሌላ ሰጥተው ከሱም ማስያዣ ተቀብለው የእናንተንም ሊያስቀሩት ይችላሉ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በኢሜይል ሁለት ጥያቄ ላኩ፦ ተጠባባቂ ዝርዝር አላችሁ ወይ? ከዝርዝሩ ሰው ቢተካኝ በስንት ቀን ትመልሱልኛላችሁ? መልሱን አታጥፉት።

ሌላው ወጥመድ የቀን ቆጠራው ነው። አንቀጹ «ፌስቲቫሉ 60 ቀን ሲቀረው» ካለና እናንተ ለጁን ፌስቲቫል በሜይ ተቀባይነት ካገኛችሁ፣ ገንዘቡን በከፈላችሁበት ደቂቃ የመጀመሪያው እርከን አልፏል። በአንድ ማስያዣ ለሦስት አራት ፌስቲቫል የሚያስመዘግቡም አሉ፤ ያተረፋችሁ ይመስላል፣ ግን ከአንዱ ስትቀሩ የሚያዘው ጠቅላላው መሆኑን አንቀጹ ውስጥ ታገኙታላችሁ። «ወደ ሌላ ፌስቲቫል ወይም ሌላ ሥራ ልናዛውራችሁ እንችላለን» የሚል ካለበት ደግሞ፣ ሲያዛውሯችሁ ያለ ቅጣት የመውጣት መብት መኖሩን ፈልጉ። ከሌለ ተዉት።

ሕጉ ምን ይላል? በመስመር ላይ የገዛነውን በ14 ቀን ውስጥ እንመልሳለን የሚለውን መብት እዚህ አትቁጠሩበት፤ የ2013ቱ የሸማቾች ውል ደንብ ቀኑ የተቆረጠ የመዝናኛ አገልግሎትን ከዚያ መብት ያወጣዋል። የሚሻለው የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ነው። ፍትሐዊ ላይሆኑ ይችላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው አንቀጾች መካከል ሁለቱ እዚህ ይሠራሉ፦ ሸማቹ ሲሰርዝ ገንዘቡን የሚያስቀር፣ ነጋዴው ሲሰርዝ ግን ተመጣጣኝ ካሳ የማይሰጥ ውል፤ እና ከደረሰው ጉዳት ጋር የማይመጣጠን ከፍተኛ ቅጣት። «እናንተ በጎ ፈቃደኛ እንጂ ሸማች አይደላችሁም» ብለው መከራከራቸው አይቀርም፣ ክርክሩም የተዘጋ አይደለም። ቢሆንም የተተካ ሰው 300 ፓውንድ ለምን እንደተያዘበት በጽሑፍ እንዲያስረዱ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ያለሰልሳቸዋል።

ሄዶም ማስያዣውን የሚያጣ አለ። ሥራውን ሠርቶ መጨረሻ ላይ ሳይፈርም የወጣ ሰው በመዝገብ ላይ የለም። በገባችሁበትና በጨረሳችሁበት ሰዓት ፈርሙ፣ የፈረማችሁበትን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከታመማችሁ ድንኳን ውስጥ አትተኙ፤ የሕክምና ድንኳኑ ሄዳችሁ የታያችሁበትን ማስረጃ ያዙ፣ ለፈረቃው ኃላፊም ፈረቃው ሳይጀምር አሳውቁ። ጠጥቶ ወይም አርፍዶ መምጣት እንደመቅረት ይቆጠራል። ተመላሹ ወደ ከፈላችሁበት ካርድ ስለሚሄድም በመካከል ካርድ ወይም ባንክ ከቀየራችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አለዚያ ለሳምንታት ይጓተታል።

አሁን ዋናው፦ ማስያዣውን የሚቀበለው ማነው? አንዳንዱ ራሱ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። አንዳንዱ ግን ለፌስቲቫሉ ሰው የሚያቀርብ፣ ከትርፉ ጥቂት «ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ» የሚል ነጋዴ ነው። ደላላ ያው ደላላ ነው፣ ድንኳን ውስጥም ቢቀመጥ። ለማጣራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፦ የእንግሊዝና የዌልስ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በተቆጣጣሪያቸው በቻሪቲ ኮሚሽን መዝገብ ላይ ቁጥራቸው ይገኛል፣ የስኮትላንዶቹ ቁጥር «ኤስ ሲ» በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። የ1998ቱ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ያለ ደመወዝ ስለሚሠሩ ሰዎች የሚያስቀምጠው ልዩ ሁኔታ ለበጎ አድራጎትና መሰል ድርጅቶች የተሰጠ ነው፤ ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ፈረቃ የተመደበለት ሰው «ፈቃደኛ» ስለተባለ ብቻ የደመወዝ መብቱ አይጠፋም።

ይህ ልዩነት ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ ለሚጠብቁ ወገኖቻችን ከማስያዣው የከበደ ጉዳይ ነው። ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ለበጎ አድራጎት ድርጅት በፈቃደኝነት ማገልገልን ይፈቅዳል፤ ያለ ፈቃድ ለነጋዴ መሥራት ግን፣ ሳንቲም ባይከፈልም፣ ሕገ ወጥ ሥራ ሊባል ይችላል። ነጻ መግቢያው ራሱ እንደ ክፍያ ይታይ እንደሆነም ጠበቃችሁን ጠይቁ እንጂ የመዝጋቢውን ቃል አትመኑ። በጎብኚ ቪዛ የመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የሚፈቀድለት ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ብቻ ነው፣ በጠቅላላው ከ30 ቀን ሳይበልጥ።

አከፋፈሉ ላይ፦ ከተቻለ በክሬዲት ካርድ በቀጥታ ክፈሉ። ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ላለ ግዢ የ1974ቱ የክሬዲት ሕግ አንቀጽ 75 ባንኩን ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል። በዴቢት ካርድ ከሆነ ባንኩ ክፍያውን ከሻጩ እንዲያስመልስላችሁ መጠየቅ ይቻላል፤ የጊዜ ገደቡ በተለምዶ 120 ቀን ነው። በፌብሩዋሪ የተከፈለ ማስያዣ እስከ ሴፕቴምበር ስለሚቆይ፣ ቀኑ ከተመላሹ ቀጠሮ መቆጠሩን ባንካችሁን ጠይቁ። ወደ ግለሰብ ሒሳብ አስተላልፉ ከተባላችሁ ቁሙ። በተለይ «የማልሄድበት የፈቃደኛ ቦታ አለኝ፣ ልሽጥላችሁ» የሚል ሰው ሊሸጥ የሚችለው ነገር የለውም፤ ቦታው በስም የተመዘገበ ነው። ከላካችሁ በኋላ ከባነናችሁ 159 ደውላችሁ ባንካችሁን አግኙ። ከ7 ኦክቶበር 2024 ወዲህ ተታለው በአገር ውስጥ ዝውውር ለላኩ ሰዎች ባንኮች እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመልሱ ግዴታ አለባቸው፣ ጥያቄው በ13 ወር ውስጥ ከቀረበ።

ፌስቲቫሉ ራሱ ቢሰረዝስ? በ2024 በዩናይትድ ኪንግደም ከ60 በላይ ፌስቲቫሎች ተሰርዘዋል ወይም ተላልፈዋል፣ ስለዚህ ጥያቄው ቅንጦት አይደለም። ማስያዣው በማን ሒሳብ እንደተቀመጠ ጠይቁ። የእናንተ ገንዘብ ከኩባንያው የዕለት ሒሳብ ጋር ተደባልቆ ኩባንያው ከከሰረ፣ ገንዘባቸውን ከሚጠብቁት አበዳሪዎች መጨረሻ ትቆማላችሁ።

ገንዘቡ በቀጠሮው ካልመጣ መጀመሪያ መጠኑን፣ የሠራችሁበትን ቀንና የፊርማችሁን ፎቶ አያይዛችሁ በኢሜይል ጠይቁ። ዝም ካሉ 14 ቀን የሚሰጥ የክስ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላኩ፤ ብዙው ጉዳይ እዚህ ያልቃል። ካላለቀ በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 10,000 ፓውንድ የሚደርስ ክርክር ያለ ጠበቃ በአነስተኛ ክሶች ችሎት ይታያል። ከ300 እስከ 500 ፓውንድ ላለ ገንዘብ የመክፈቻ ክፍያው 50 ፓውንድ ሲሆን ከረታችሁ ብዙ ጊዜ ተከሳሹ ይተካላችኋል፤ ለመክሰስም 6 ዓመት አላችሁ። ክሱ ላይ የምትጽፉት በማስታወቂያው ላይ ያለውን የንግድ ስም ሳይሆን በካምፓኒስ ሃውስ (የኩባንያዎች መዝገብ ቤት) የተመዘገበውን ሕጋዊ ስም ነው።