ከኢንተርኔት ጨረታ ሞዴል ባቡር ለምትገዙ፦ አሮጌ ማርክሊን ወይስ ርካሹ ባለሁለት ሐዲድ?

ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው መመለስ ሰልችቶኝ ነው ይህን የምጽፈው። ለቡ ባቡር ጣቢያ አካባቢ መኖሬን የሚያውቅ ሁሉ፣ ለልጁ ይሁን ለራሱ ሞዴል ባቡር ባማረው ቁጥር "የትኛውን ልጫረት?" ይለኛል። መልሴን አላስጠብቃችሁም፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ወይም 70ዎቹ የተሠራ፣ ዲጂታል ያልሆነ ማርክሊን (የጀርመን ሞዴል ባቡር ነው)፣ ከጀርመኑ የኢንተርኔት ጨረታ ገጽ ከኢቤይ። መርካቶ በባትሪ የሚሄደው የፕላስቲክ ባቡር እዚህ ውድድር ውስጥ አይገባም። እሱ ለልደት ተገዝቶ እስከ ፋሲካ ይሰበራል።

ወደ ዋጋው። ለስሌት እንዲመች አንድ ዩሮን በ170 ብር ልያዘው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ይህን ስታነቡ ቁጥሩን ራሳችሁ አስተካክሉ። 3000 የሚል ቁጥር ያላት ትንሿ ጥቁር የማርክሊን ሎኮሞቲቭ ለአሥርት ዓመታት ስለተመረተች ጨረታው ሞልቷታል። እኔ እስከ 35 ዩሮ ከጥቂት ሳንቲም እሄዳለሁ፣ ከዚያ በላይ አልጨምርም። ሙሉ ክብ 12 ጥምዝ ሐዲድ ይፈልጋል፤ አሮጌው የቆርቆሮ ሐዲድ በጅምላ ሲገዛ አንዱ 1 ዩሮ ስለሚወጣ 12 ዩሮ። ነጩ ትራንስፎርመር 25፣ ሦስት ፉርጎ 20፣ ጀርመን ውስጥ ለሚደረገው የፖስታ ማጓጓዣ 14። ድምሩ 106 ዩሮ፣ ማለትም 18,020 ብር።

ባለሁለት ሐዲዱን፣ ለምሳሌ አሮጌ የጣሊያን ሊማን፣ ከነሐዲዱና ከነትራንስፎርመሩ በ45 ዩሮ ማግኘት ይቻላል። 7,650 ብር ነው። የ10 ሺህ ብር ልዩነት እያየ "አንተ ለማርክሊን ታዳላለህ" የሚለኝ አለ። አዎ፣ አዳላለሁ።

በባለሁለት ሐዲዱ ኤሌክትሪክ በአንዱ ሐዲድ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ በአንዱ በኩል ትንሽ ቆሻሻ ከኖረ ባቡሩ ቀጥ ይላል። የድሮው የናስ ሐዲድ ደግሞ ላዩ ይጠቁራል፣ ያ ጥቁረት ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። በማርክሊን ግን ሁለቱም የጎን ሐዲዶች እንደ አንድ ሽቦ ናቸው፤ ሌላው መሥመር መሐል ላይ በተደረደሩ ትናንሽ ጉጦች ይመጣል፤ ከሎኮሞቲቩ ሆድ ሥር ያለች የብረት ምላስ እያሻሸች ትወስደዋለች። አንዱ ጎማ አቧራ ቢይዘው ሌሎቹ ይበቃሉ። በበጋ ፉሪ ወይም ለቡ መጥቶ ሲኖትራክ ሲያልፍ መስኮት ያልዘጋ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ባለሁለት ሐዲድ የገዙ ወዳጆቼ ከማጫወት ይልቅ ሲወለውሉ ነው የማያቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥገና ነው፤ ለእኔ ከዋጋም ይበልጣል። ብዙዎቹ የድሮ ማርክሊኖች በአንድ ብሎን ይፈታሉ። ካቻቢቴ ካላችሁ ሞተሩ ፊታችሁ ነው። አየር ጤና ዳይናሞ የሚጠቀልሉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ አንዱን ወስጄ ነበር፤ ገልብጠው አዩትና "ልጄ፣ ይሄን የሠራው ሰው እንዲፈታ ብሎ ነው የሠራው" አሉኝ። ጠመዝማዛው ሽቦ ቢቃጠል እንኳ እሳቸው ይጠቀልሉታል። ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ካርቦንና የጎማውን ላስቲክ ፋብሪካው እስከ ዛሬ ይሸጣል። ማርክሊን በፈረንጆቹ 2009 ከስሮ ነበር፣ ግን ምርቱ ሳይቋረጥ በ2013 በአሻንጉሊት ሥራ የታወቁት የሲምባ ዲኪ ባለቤቶች ገዙት። ሊማም በ2004 ከስሮ ስሙን የእንግሊዙ ሆርንቢ ወሰደው፤ ለአሮጌዎቹ መለዋወጫ የምታገኙት ግን አብዛኛውን ሌላ የተሰበረ ባቡር ገዝታችሁ በመፍታት ነው። ታዲያ 45ቱ ዩሮ 90 ሆነ።

ጀርመን ሻጭ "አልሞከርኩትም" ብሎ ከጻፈ "ሞክሬው አልሄደም" ብላችሁ አንብቡትና ዋጋውን በዚያው ልክ አውርዱ። ደግነቱ አሮጌ ማርክሊን የማይሄደው ብዙ ጊዜ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ስለሆነ ብቻ ነው። በጥጥ ቤንዚን እየነካችሁ ጥረጉት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ። አንድ ነው ያልኩት! የምግብ ዘይት የሚያደርጉም አሉ፤ በወሩ ተመልሶ ሙጫ ይሆናል።

የማይጠገነው ዚንኩ የተሰነጠቀ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በዚያው ዘመን የተሠሩ አንዳንድ የዚንክ አካላት ብረቱ ንጹሕ ስላልነበረ ከውስጥ እያበጡ ይፈረካከሳሉ። መድኃኒት የለውም። "ብርቅ ነው፣ ከ1950 በፊት ነው" የሚል ካያችሁ የሆዱን ፎቶ ጠይቁ፤ ካልላከ እለፉት። የሆዱ ፎቶ ምላሷ ተበልታ መቦርቦሯንም ያሳያችኋል።

አስመስሎ የተሠራ ዕቃም አለ። ካርቶኑ አዲስ ታትሞ አሮጌ ተብሎ ይሸጣል፤ ውስጡ ከመጠን በላይ ነጭ ከሆነና ጽሑፉ በቅርብ ሲታይ ነጠብጣብ ከሆነ ተጠራጠሩ። ተራውን ሎኮሞቲቭ በብርቅ ቀለም ቀብተው በአሥር እጥፍ የሚሸጡም አሉ፣ ብሎኑ ሲፈታ የቀድሞው ቀለም ከሥሩ ይታያል። ከአንድ የኢንተርኔት ነጋዴ የመጣልኝ ርካሽ ካርቦን ደግሞ እየተፈጨ ሞተሩን በጥቁር ዱቄት ሞላው። በካርቦን ላይ 2 ዩሮ ለማትረፍ አትሞክሩ።

ትራንስፎርመር ላይ ቆም በሉ። ሰማያዊው ባለብረት ሣጥን ያምራል፣ ርካሽም ነው፤ ግን የገመዱ ሽፋን በእርጅና ይሰነጠቃል፣ ብረቱም ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ልጅ ካለበት ቤት አይግባ። ነጩን ግዙ። ከአሜሪካ ደግሞ ምንም ትራንስፎርመር አትግዙ፤ የእነሱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220፤ ስትሰኩት ይቃጠላል። የማርክሊን ባቡር አቅጣጫ የሚቀይረው 24 ቮልት ገደማ በሆነ ቅጽበታዊ ምት ስለሆነ፣ ማታ ማታ እዚህ ዳር አገር መብራት ሲደክም ምቱ አንሶ ወደኋላ አልሄድ ይላል። ባቡሩ አልተበላሸም፣ የፍሪጁን ስታቢላይዘር አበድሩት።

አንድ ነገር አታምታቱ። ኤች ኦ ማለት በ87 እጥፍ የተቀነሰ ማለት ነው፣ ማርክሊኑም ሊማውም ኤች ኦ ናቸው፣ የሐዲዳቸውም ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው። ግን የማርክሊን ፉርጎ ጎማዎቹ ግራና ቀኙ ስላልተለያየ ባለሁለት ሐዲድ ላይ ሲወጣ ሾርት ያደርጋል። ከዚያም ከዚህም በርካሽ የሚለቃቅም ሰው መጨረሻ ላይ የማይገጥም ዕቃ ይዞ ይቀራል።

ስለ አጨራረቱ፦ እኛ ጨረታ ሲባል የምናውቀው የታሸገ ፖስታና ሲፒኦ ነው። ኢቤይ ላይ ሲፒኦ የለም፣ ካሸነፋችሁ ግን መክፈል ግዴታ ነው። ጣሪያችሁን ትጽፋላችሁ፣ ማሽኑ ከተፎካካሪው ትንሽ ከፍ እያደረገ ይጫረትላችኋል። 35 አትጻፉ፣ 35.51 ጻፉ፤ ሰው ሁሉ ድፍን ቁጥር ይወዳል፣ እኩል ከሆናችሁ ደግሞ ቀድሞ ያስገባው ነው የሚወስደው። የመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ሳይደርስ ዋጋ ማስገባት ጉጉት ማሳየት ብቻ ነው። ብዙ ጨረታ እሑድ ማታ በጀርመን ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ በእኛ ማታ 3 ሰዓት ነው፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ደግሞ 4 ሰዓት። ዋይፋይ ከመብራቱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ የሞባይል ዳታ ይኑራችሁ። ከገናቸው በፊት ባሉት ሳምንታት አትግዙ፣ ያኔ ሁሉም ይወደዳል።

ዕቃው ጀርመን ያለ ዘመድ ቤት ይድረስ፣ በሻንጣ ይምጣ። በፖስታ እስከ እኛ ድረስ ማስላክ ብዙ ጊዜ ከሎኮሞቲቩ ይበልጣል። የቆርቆሮ ሐዲድ ከባድ ነውና ዘመዳችሁን ከ23 ኪሎው ላይ ስንቱን እንደምትወስዱበት አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አለበለዚያ ቦሌ ከመድረሱ በፊት ፍራንክፈርት ላይ ይጥልላችኋል።

መሸጡን የምታስቡ፣ እዚህ ገዢው ጥቂት ነው፣ የመጣውም በቻይናው ዋጋ ይከራከራችኋል። የተሻለው ዘዴ በጅምላ የተገዛውን ካርቶን እዚያው ማስፈታት ነው፤ የሚያስፈልጋችሁን አስቀርታችሁ ከነካርቶኑ ያለውን ፉርጎ ዘመዳችሁ መልሶ ይሽጠው። ባዶው የድሮ ካርቶን ብቻውን እንኳ ገዢ አያጣም። ጀርመን ውስጥ ለግለሰብ ሻጭ ኢቤይ ከፈረንጆቹ መጋቢት 2023 ወዲህ ኮሚሽን አያስከፍልም።

"የላጋሩን ኦቶራይ (የድሮውን በራሱ ሞተር የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር) እፈልጋለሁ" ለምትሉኝ ደግሞ፣ አዲሱ የጅቡቲ መሥመር 1,435 ሚሊሜትር ስለሆነ ከላይ ያልኩት ሐዲድ በልኩ ነው። የድሮው ምድር ባቡር ግን 1,000 ሚሊሜትር ነበር፤ ለእሱ የሚስማማው ባለ12 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው፣ በዚያ ልክ በብዛት የሚሠራው የስዊዘርላንድ ተራራ ባቡር ነው፣ የአንዱ ሎኮሞቲቭ ዋጋም በጨረታ እምብዛም ከ100 ዩሮ በታች አይወርድም። ያ ደግሞ ባለሁለት ሐዲድ ነውና ጨርቁንና አልኮሉን አብራችሁ ግዙ።