የብረት ኬጅ፣ የእንጨት ቤት ወይስ የወለል አጥር? አዳማ ላይ ትንንሽ ጊኒ ፒጎች ለምታስገቡ

ሁለቱን ትንንሽ ጊኒ ፒጎች፣ ጅራት የሌላቸውን አይጥ መሰል የቤት እንስሳት፣ በካርቶን ይዤ ስገባ ጎረቤታችን እማማ በረንዳቸው ላይ ቡና ይቆሉ ነበር። ካርቶኑን ገለጥ አድርገው አዩና «ልጄ፣ አይጥ ገዝተሽ ደግሞ ቤት ልትሠሪለት ነው?» አሉኝ። ሠራሁ። አንድ ብቻም አይደለም፣ ሦስት። የመጀመሪያው የሚገዛው አጥቶ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ሁለተኛውን ግማሽ ያህል አፍርሼ ደግሜ አሠርቼዋለሁ። እናንተ አንዱን ብቻ እንድትከፍሉ ሦስቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ።

ከዋጋ በፊት ሙቀቱን አስቡ። ጊኒ ፒግ አገሩ የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ነው፤ የስምጥ ሸለቆን ፀሐይ አያውቃትም፣ እንደኛም አያልብም። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመቸዋል፤ ከ27 ካለፈ አደጋ ውስጥ ነው። አዳማ ደግሞ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ቀን ቀን 30 መድረሷን ሁላችንም እናውቃለን፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲሆን የባሰ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ቤት ብትመርጡ ቦታው ቤት ውስጥ፣ ከመስኮት ፀሐይና ከንፋስ ፈንጠር ብሎ፣ በተቻለ መጠን ሊሾ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ ይሁን።

የብረት ኬጁ ብየዳ ቤት ሄዳችሁ «ለጥንቸል የሚሆን» ስትሉ የሚሠራላችሁ ነው፦ ሽቦ ወለል፣ ከሥሩ የላሜራ ትሪ፣ ብዙ ጊዜ ባለሁለት ፎቅ። ጥሩ ጎኑ እውነተኛ ነው። ድመት አይከፍተውም፣ አይጥ አይበላውም፣ ትሪውን ስቦ መድፋት ነው። እኔም በዚሁ ተሸንፌ ነው ያሠራሁት። በሦስተኛው ቀን ትንሿ እግሯ ሽቦው መሐል ገብቶ ስትጮህ አገኘኋት። ባትሰበርም ለቀናት አነከሰች። የጊኒ ፒግ መዳፍ ሥሩ ፀጉር የለውም፤ ሽቦ ላይ ሲውል ሲያድር ይላጥና ይቆስላል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ሁለተኛው ፎቅም ቢሆን ለእኛ ዓይን እንጂ ለእነሱ ትርጉም የለውም፤ ጊኒ ፒግ የሚሮጥ እንጂ ወደ ላይ የሚወጣጣ አይደለም፣ የሚፈልገው የወለል ስፋት ነው። ብረት ካላችሁ ወለሉ ድፍን ይሁን፣ በጎኖቹ ያለው ክፍተትም ከ2.5 ሴንቲሜትር አይብለጥ። አዲስ የተወለደ ልጅ 100 ግራም ገደማ ብቻ ስለሚመዝን ከዚያም ጠበብ ቢል ይሻላል።

የእንጨቱ አናጺ በሞራሌና በኮምፔንሳቶ የሚሠራው ሣጥን ነው። ጸጥ ያለ፣ ጨለም ያለ፣ ለፈሪ እንስሳ የሚስማማ። በልካችሁ ማዘዝ መቻላችሁ ትልቅ ነገር ነው፦ ለሁለት ቢያንስ 120 በ60 ሴንቲሜትር፣ ለሦስት ደግሞ 150 በ70። ግድግዳው 40 ሴንቲሜትር ከፍ ካለ ይበቃል። ችግሩ ሽንት ነው። እንጨት ይመጠዋል፣ ይሸታል፣ የሽንቱ ጋዝ ደግሞ ሳንባቸውን ይጎዳል። እኔ ያፈረስኩትም በዚህ ምክንያት ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የወለል ፕላስቲክ ቆርጣችሁ ጎኖቹን 10 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ አጥፋችሁ አንጥፉ። ቀለም አታስቀቡት፣ ይቆረጥሙታል። ጥድም ይቅር፤ ሽታው ለእኛ ደስ ቢልም እነሱን ያውካል።

የወለል አጥሩ ከሁሉም ርካሹ ነው። አራት ማዕዘን ዓይን ያላቸው የተበየዱ የሽቦ ፍሬሞች እርስ በርስ ታስረው ሊሾው ላይ ይቆማሉ፣ ሥራቸው ፕላስቲክ፣ አለቀ። ስፋቱ እንደ ክፍላችሁ ነው፣ ሊሾው ከሥር ያቀዘቅዛል፣ ለማጽዳትም እንደሱ የሚቀል የለም። ጣሪያ ግን የለውም። ድመት በምትዞርበት ወይም ሌሊት አይጥ በሚሮጥበት ቤት ክዳን የሌለው አጥር ለድመቷ ገበታ ማቅረብ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤትም ከሆነ አስቡበት፤ አጎንብሶ እነሱን ማንሳትና መጣል ለልጅ ጨዋታ ነው።

የቱ ይሻላል? ክፍሉ የሚዘጋ በር ካለውና ድመት ከሌለ ሁለቴ ሳላስብ የወለል አጥሩን እላለሁ። ቤቱ ሰርቪስ ሆኖ አይጥ የማይጠፋበት ከሆነ ባለ ሽቦ ክዳን እንጨት። ብረቱን አንድ ሰው በነጻ ካልሰጣችሁ በቀር አልመክርም።

ከሥራቸው ስለሚነጠፍላቸው ነገር ብዙ አልልም። ሰጋቱራ ከአናጺ በነጻ ይገኛል፣ ግን ብናኙ ያስነጥሳቸዋል፣ ከምን እንጨት እንደመጣም አይታወቅም። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ነው፤ አራግፋችሁ አቧራውን ካስወጣችሁለት እሱን ውሰዱ። ምግባቸው ግን ጭድ ሳይሆን ድርቆሽ ነው፣ ሌት ተቀን ከፊታቸው የማይጠፋ።

አሁን እርስ በርስ ወደ ማለማመዱ። ሻጩ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ቢላችሁ አትመኑ፣ ራሳችሁ እዩ ወይም የእንስሳት ሐኪም ይያቸው። ወንዱ በ3 ሳምንቱ ማስረገዝ ይጀምራል፤ ከእናቱና ከእህቶቹ የሚለየው ለዚህ ነው። ምርጫ ካላችሁ አብረው ያደጉ ሁለት እህቶች ያለ ጣጣ ይኖራሉ። ሁለት ወንድማማቾችም ይሆናሉ፣ ሰፊ ቦታ ካገኙና አጠገባቸው ሴት ከሌለች። ያደገ ካላችሁና ጓደኛ ካስፈለገው ያልጎረመሰ ትንሽ ማምጣት ይቀላል፤ ትንሹ ለትልቁ ቶሎ ይታዘዛል። ሁለት የጎለመሱ ወንዶችን ማላመድ ግን የሁሉም ከባዱ ነው። ከጥንቸል ጋር አንድ ቤት የማስገባት ሐሳብ ካላችሁ ተዉት። የጥንቸል እርግጫ ይጎዳቸዋል፣ ጥንቸሏን ምንም የማያደርጋት የሳንባ ባክቴሪያም እነሱን ይገድላል።

አዲሱ ከመጣ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በሌላ ክፍል ይቆይ፤ ቅማል፣ ቋቁቻ ወይም ጉንፋን ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ነባሮቹን አስቀድማችሁ አብሉ፣ አዲሱን በመጨረሻ፣ ከዚያ እጅ መታጠብ። በዚህ ጊዜ ደግሞ አመጋገቡን ተመልከቱ። እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲ በሰውነታቸው አይሠሩም፤ የፈረንጅ ቃሪያ ቁራጭ ወይም ትንሽ የዘይቱን ፍሬ (ጓቫ) በየቀኑ ያስፈልጋቸዋል። አቮካዶና ሽንኩርት በጭራሽ።

ከዚያ ቤቱን መሐል ለመሐል በሽቦ መረብ ክፈሉትና ጥቂት ቀን ይተያዩ፣ ይሻተቱ። የመጀመሪያው መገናኘት ግን እዚያ ቤት ውስጥ አይሁን፤ ነባሩ የእኔ ነው ብሎ ይቆጣል። ማንኛቸውም ያልኖሩበት ወለል ላይ ክምር ድርቆሽ፣ ሁለት የውሃ ጠርሙስ፣ ባለ ሁለት በር የካርቶን መደበቂያ አድርጉና ልቀቋቸው። አንድ በር ብቻ ያለው መደበቂያ ወጥመድ ነው፣ ትንሹ ጥግ ይያዛል። ማጉረምረም፣ ዳሌ እያወዛወዙ መዞር፣ ማባረር፣ ላይ መውጣት፣ ይሄ ሁሉ ደረጃ የመለየት ጉዳይ ነውና እጃችሁን ሰብስቡ። ጥርስ እያፋጨ ፀጉሩን አቁሞ ከተፋጠጠ ተዘጋጁ። እየተንከባለሉ ከተናከሱ ወይም ደም ካያችሁ ፎጣ ጣል አድርጋችሁ ለዩ፤ እኔ ባዶ እጄን አስገብቼ ጣቴን ተነክሻለሁ።

ካልተስማሙ ደግሞ መረቡን መልሳችሁ እየተያዩ ይኖራሉ። አናጺውን ስታናግሩ ይህንን ከመጀመሪያው ንገሩት፤ ሣጥኑ መሐል ላይ መረቡ ቁልቁል የሚገባበት ቦይ በሁለቱም ጎን ያውጣ። ከተሠራ በኋላ ልጨምር ቢል ኮምፔንሳቶው ይሰነጠቃል። የእኔ ተሰንጥቋል፣ ቅዳሜ ሌላ ሊያመጣልኝ ነው።